የመካኒክ ሥራን በፋይቭኤም ሰርቨር ላይ እውነተኛ ማስመሰል፦ ስንት ክፍል፣ የት ይቀመጥ፣ ማንስ ይወስን?

የማታ አድሚን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በፋይቭኤም (ጂቲኤ 5ን በራስ ሰርቨር ለመጫወት በሚያስችለው መድረክ) ላይ የተሠራ፣ በአማርኛ የሚጫወቱበት አነስተኛ የሮልፕሌይ ሰርቨር፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የሥራና የኑሮ ሚና ይዞ የሚጫወትበት፣ አስተዳድራለሁ። ተጫዋቾቻችን ከፊሎቹ አዲስ አበባ፣ የቀሩት አሜሪካ፣ እስራኤልና ዱባይ ይኖራሉ። ሰርቨሩ የቆመው በኪውቢኮር (ለእንዲህ ያለ ሰርቨር በተዘጋጀ የኮድ መሠረት) ላይ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ48 ሰው በላይ አናስገባም። ፖሊሱም፣ ሐኪሙም፣ ታክሲውም በደንብ ይሠራሉ። የመካኒኩ ሥራ ግን ሞቶብናል።

አሁን ያለው አሠራር እንደሚከተለው ነው። አሽከርካሪው የተጋጨ መኪናውን ጋራዡ በር ላይ ያቆማል፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ የዐሥር ሰከንድ መስመር ይሞላል፤ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ አዲስ ይሆናል፤ ሂሳቡም ከባንክ ይቆረጣል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም እንደዚያው ይለያያሉ። ሥራውን የሚይዙት ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ሰልችቷቸው ወደ ሌላ ሥራ ስለሚሄዱ፣ ጋራዡ ብዙ ምሽት ተዘግቶ ያድራል።

ያሰብኩት መፍትሔ መኪናውን በ24 ክፍሎች መከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከ100 የሚጀምርና በርቀትም ሆነ በግጭት የሚቀንስ ቁጥር ይኖረዋል። መካኒኩ የመመርመሪያ ኮምፒዩተሩን ሲሰካ የሁሉም ክፍሎች መቶኛ በዝርዝር ይታየዋል፤ የወረደውን ይቀይራል። ከዚሁ ጋር አገር ቤት የምናውቃቸውን መኪኖች፣ ማለትም ቪትዝንና ኮሮላን፣ በሞዴል መልክ አስገብተን ሰርቨሩን በገንዘብ ለሚደግፉ ሰዎች ለመስጠት አስበናል። 24 ክፍል ይበዛል? መረጃው የት ቢቀመጥ ይሻላል? የማጭበርበሪያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ነጻ ጥገና እንዳይወስዱ ምን ላድርግ? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


ሉአ ጸሐፊ

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ የቪትዙን ነገር ይተዉት። የጨዋታው አምራች ሮክስታር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ስለ ሮልፕሌይ ሰርቨሮች ባወጣው መመሪያ የእውነተኛውን ዓለም የንግድ ምልክቶች ማስገባትን ከማይፈቅዳቸው ነገሮች መካከል ቆጥሮታል። የፋይቭኤምን ቡድን ደግሞ በኦገስት 2023 የራሱ አድርጎታል፤ ስለዚህ መመሪያውን ያወጣውና መድረኩን የያዘው አንድ አካል ነው። በዚያ ላይ ገንዘብ ሲጨመርበት ሰርቨርዎን ለመዘጋት ያጋልጡታል። በጨዋታው ውስጥ ያለው ካሪን የተባለ ምናባዊ አምራች የተቀረጸው በጃፓን መኪኖች አምሳል ስለሆነ፣ ለኮሮላ ናፍቆት የሚሆን መኪና እዚያው ያገኛሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ ጨዋታው ራሱ ስለ መኪና የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሞተሩ ጤና ከ1000 ተነስቶ እስከ −4000 ይወርዳል። 300 አካባቢ ሲደርስ ማጨስና ጉልበት ማጣት ይጀምራል፤ ከ0 በታች ሲሆን እሳት ይነሳበታል። የነዳጁ ሰልባቲዮ (ማጠራቀሚያው) ለብቻው 1000 ነጥብ ሲኖረው፣ ወደ 650 ገደማ ሲወርድ ማፍሰስ ይጀምራል። የአካሉ ጉዳት ከ0 እስከ 1000፣ ቆሻሻው ከ0 እስከ 15 ይለካል፤ ጎማም ይፈነዳል። የፍሬን ሸራ መሳሳት፣ የዘይት ማርጀት፣ የባትሪ መድከም በጨዋታው ውስጥ የሉም። እነዚህን የሚፈጥሯቸው እርስዎ ነዎት። ስለሆነም የክፍሎቹን ብዛት ሲወስኑ ራስዎን መጠየቅ ያለብዎ አንድ ነገር ነው፦ ይህ ክፍል ሲበላሽ መሪ የያዘው ሰው ምን ይሰማዋል? የፍሬን ጉልበት፣ የሞተር ጉልበት፣ የጎማ መንገድ መያዝ፣ የመሪ መጎተት፣ ያለመነሳት፣ የሙቀት መለኪያው መውጣት፤ ከእነዚህ በአንዱ ካልተገለጠ፣ ያ ክፍል ከኪስ ገንዘብ ከማውጣት ያለፈ ጥቅም የለውም። እኔ ብሆን ከዘጠኝ ወይም ከዐሥር አላልፍም።

ርቀቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእውነተኛውን መኪና የአገልግሎት ዘመን እንዳለ በመውሰድ ነው። የጨዋታው ከተማ የሎስ ሳንቶስ ካርታ ትንሽ ስለሆነ 5000 ኪሎ ሜትር ነድቶ ዘይት ለመቀየር የሚበቃ ተጫዋች አይገኝም። በጨዋታው አንድ ደቂቃ የሚያልፈው በ2 ሰከንድ ነው፤ ሙሉ ቀንና ሌሊቱ 48 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህም ከእውነተኛው ጊዜ 30 እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። ርቀቱንም በ30 ቢያካፍሉት 5000 ኪሎ ሜትሩ 167 ገደማ ይሆናል። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከሦስት ሰዓት ባነሰ መንዳት ይደርስበታል፤ በቀን አንድ ሰዓት የሚነዳ ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ዘይት ለመቀየር ይመጣል። ይህ ለጋራዡ የማይቋረጥ ሥራ ይሰጠዋል፤ አሽከርካሪውንም አያማርርም።

መረጃውን በሁለት ቦታ ያስቀምጡት። መኪናው ካርታው ላይ ሳለ በስቴት ባግ (ከመኪናው ጋር ተያይዞ ሰርቨሩና ተጫዋቾቹ በሚጋሩት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ይያዝ፤ ሲቆም ወይም በየጥቂት ደቂቃው ወደ ዳታቤዝ ይጻፍ። በየሰከንዱ ዳታቤዝ ላይ የሚጽፍ ስክሪፕት በ48 ሰው ጊዜ ሰርቨሩን ሲያንቀጠቅጠው አይቻለሁ። ርቀት የሚቆጥረው ዑደትም በየፍሬሙ (በስክሪኑ ላይ ምስሉ በታደሰ ቁጥር) መዞር የለበትም። ጨዋታው ፍጥነትን የሚሰጠው በሜትር በሰከንድ ስለሆነ በሰከንድ አንድ ጊዜ አንብቦ መደመር ይበቃል፤ የሚቆጥረውም የአሽከርካሪው ማሽን ብቻ ይሁን፤ አለዚያ አራት ሰው የጫነ መኪና አራት እጥፍ ያረጃል።

ስለ ማጭበርበር መርሑ አጭር ነው፤ ከተጫዋቹ ማሽን የሚመጣ ነገር ሁሉ ጥያቄ እንጂ ውሳኔ አይደለም። «ጠግኛለሁ፣ 2500 ክፈለኝ» የሚል መልእክት ሰርቨሩ ተቀብሎ ከከፈለ፣ ማጭበርበሪያ የጫነ ሁሉ ያንኑ መልእክት ሺህ ጊዜ ይልከዋል። መልእክቱ «ይህን መኪና በዚህ ዕቃ ልጠግን» ከማለት ማለፍ የለበትም። ሰውየው በእርግጥ መካኒክ መሆኑን፣ በሥራ ላይ መመዝገቡን፣ ከመኪናው ጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ መቆሙን፣ ዕቃውም በቦርሳው መኖሩን ሰርቨሩ ራሱ ያጣራ፤ ዋጋውንም ሰርቨሩ ያስላ። ዋንሲንክ (የተጫዋቾችንና የመኪኖችን ሁኔታ ሰርቨሩ ራሱ እንዲያውቅ የሚያደርገው የፋይቭኤም ማስተካከያ) ከበራ የተጫዋቹንም የመኪናውንም ቦታ ሰርቨሩ ማንንም ሳይጠይቅ ያነበዋል። የሚፈጀውን ጊዜም እዚያው ይለኩት፤ የአርባ ሰከንድ ሥራ በሁለት ሰከንድ አለቀ የሚል መልእክት ከመጣ አይቀበሉት፤ ማን እንደላከው ግን ይመዝግቡት።


የድሮ ጋራዥ

እዚህ መድረክ ላይ ያስገባኝ ልጄ ነው። እኔ ሥራዬ ጋራዥ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ። የምታወሩትን ኮድ አላውቀውም፤ ነገር ግን ጠያቂው «መካኒኩ ሲሰካ የሁሉም መቶኛ ይታየዋል» ያለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሥራውን የገደላችሁት እዚያ ላይ ነው። 24 ክፍል ብታደርጉትም፣ 100 ብታደርጉትም፣ መልሱ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ለመካኒኩ ከቀረበለት አሁንም ያው አንድ ቁልፍ ነው።

«ፍሬኔ 34 በመቶ ደርሷል» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ደንበኛ የሚመጣው በቅሬታ ነው፦ «ስይዘው ይጮኻል»፣ «ወደ ግራ ይጎትተኛል»፣ «ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይለኛል፣ ሲገፋ ግን ይነሳል»። መካኒኩ ከዚያ ተነስቶ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይነካል፣ ይለካል። ጠያቂው ሰዎቹ አይነጋገሩም ብሏል፤ የሚያነጋግራቸው ነገር ከሌለ እንዴት ይነጋገራሉ? አሽከርካሪው የሚያውቀው ምልክቱን ብቻ ይሁን፤ መካኒኩ ደግሞ መለኪያዎቹን ይያዝ። ምክንያቱን በመጀመሪያ ሁለቱም አይወቁት።

ምሳሌ ልስጥ። መኪናው አልነሳ አለ እንበል። ጀማሪ መካኒክ ባትሪ ይቀይራል፤ በማግሥቱ መኪናው ተመልሶ ይመጣል። የገባው ሰው ቴስተሩን ያወጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መውጣት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ 12 ላይ ተኝቶ ከቀረ ባትሪው ላይ አይፈረድም፤ ዲናሞው እየሞላው አይደለም፣ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ (ቺንጋው) ላልቷል። ይህን ወደ ጨዋታው ለማስገባት ሁለት ቁጥርና አንድ መለኪያ ይበቃችኋል፤ ለመካኒኩ ግን የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራው ይሆናል።

ጭስም እንደዚሁ ነው። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቶበታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከወጣና የዘይት መክደኛው ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ከታየ፣ ውኃው ከዘይቱ ተቀላቅሏል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሄዷል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ቴስታታ የሚያስወርድ ትልቅ ሥራ ነው። ልጄ እንደነገረኝ የጭስን ቀለም መለወጥ በእናንተ ጨዋታ ይቻላል። ከተቻለ፣ አሽከርካሪው ራሱ «ኧረ የምን ጭስ ነው?» ብሎ ሲደነግጥ ማየት ከማንኛውም መቶኛ ይበልጣል።

ኮምፒዩተሩንም አታጋንኑት። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖራቸው ተገድደዋል፤ ሎስ ሳንቶስም አሜሪካ ነው ካላችሁ ሶኬቱ ይኑር። ግን ኮዱ የሚናገረው ቅሬታ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 የሚል ኮድ ሲወጣ ለአየሩ የሚመጣጠን ነዳጅ አንሷል ማለት ነው፤ ምክንያቱ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ኮዱን አይቶ ፓምፕ የሚቀይር መካኒክ የደንበኛውን ገንዘብ እያቃጠለ ነው። በጨዋታችሁም ያቃጥል፤ የተሳሳተ ዕቃ ከገጠመ ዕቃው ይባክን፣ ብልሽቱም እንዳለ ይቆይ። ስም የሚወጣለትና ስም የሚጠፋበት መካኒክ የሚፈጠረው ያኔ ነው።

ስለ ፍሬንም አንድ ቁጥር ልተውላችሁ። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ 3 ሲደርስ ይቀየራል። መቶኛ ከመጻፍ ሚሊ ሜትር ጻፉለት፤ ጎማውን ፈትቶ በካሊፐር መለኪያ ያየው ብቻ ቁጥሩን ያግኝ። በክሪክ ሳያነሳ፣ ቸርኬውን ሳይፈታ ማንበብ አይቻልም። የመጮኹ ድምፅ 3 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምር።


የምሽት ታክሲ

ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ሳነበው አስጎምጅቶኛል። እኔ ግን በሰርቨሩ ላይ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ከሥራ መልስ ያለኝ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃውን ጋራዥ ወንበር ላይ ከጨረስኩት በማግሥቱ አልገባም። በተጨማሪ ሰዓታችን አይገናኝም፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በእነሱ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ) ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እኔ በምገባበት ሰዓት መካኒክ ከሌለ መኪናዬ መንገድ ላይ ሊቀር ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሥራ ላይ ያለ መካኒክ በማይኖርበት ጊዜ ብቻ የሚከፈት አውቶማቲክ ጋራዥ ይኑር፤ ውድ ይሁን፣ መኪናውንም ለመንዳት ያህል ብቻ ያድርገው፤ የሞተሩን ጤና ወደ 500 ቢያወጣው ይበቃል። አንድ መካኒክ እንደገባ ይዘጋ። ሁለተኛ፣ ትልቁ ሥራ የእኔን መቀመጥ አይጠይቅ። መኪናዬን አስረክቤ ተለዋጭ መኪና ይዤ ልውጣ፤ ሲያልቅ በጨዋታው ስልክ ይደወልልኝ።


የድሮ ጋራዥ

የታክሲው ሰው ልክ ነው። እኛም ጋር ቴስታታ የወረደ መኪና የሚያስጠብቅ ደንበኛ የለም፤ ቁልፉን ትቶ ይሄዳል። ከፊቱ የሚሠራለት የጎሚስታ ሥራ፣ ዘይትና ካንዴላ ነው።

ከዚያ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጋራዣችሁን አንድ ሰው ሁሉን የሚሠራበት አታድርጉት። መካኒኩ ሌላ ነው፣ ኤሌትሪሻኑ ሌላ ነው፣ ባቱላሜራው (የመኪናውን አካል የሚያቃናው) ሌላ ነው፣ ጎሚስታውም ሌላ ነው። አዲስ ገቢው ጎሚስታ ሆኖ ይጀምር። ዕቃውም ከጋራዡ ግድግዳ አይፍለቅ፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ የሚያመጣ ሰው እኛ ጋር ራሱን የቻለ ኑሮ ነው። እናንተም ከወደብ የሚያመጣ፣ ለጋራዥ የሚያከፋፍል፣ የተሰረቀ መኪና አፍርሶ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ታገኛላችሁ። ያገለገለ ዕቃ ዕድሜው አጭር ይሁን፤ ገዥው ደግሞ ገጥሞ ካላየው በስተቀር አይወቀው።


የማታ አድሚን (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ጋሼ፣ ያሉኝን ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የመቶኛውን ሰሌዳ በዚያው ምሽት ሰረዝነው። የቪትዙንም ሐሳብ ትተናል።

አሁን ንድፉ ይህን መልክ ይዟል። ክፍሎቹ ዘጠኝ ሆነዋል፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ማቀዝቀዣ፣ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ካንዴላ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ አሞርዛቶር። የተበላሸው ክፍል ሰርቨሩ ላይ ብቻ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ወደ ተጫዋቾቹ ማሽን የሚሄደው ምልክቱ፣ ማለትም ድምፁ፣ ጭሱ ወይም የጉልበት መቀነሱ ብቻ ነው። መካኒኩ ቴስተር፣ ካሊፐር፣ የዘይት ልኬት ወይም ኮምፒዩተር ሲጠቀም ሰርቨሩ ለዚያ መሣሪያ የሚገባውን አንድ መልስ ብቻ ይሰጠዋል። ከምርመራው በኋላ የግምት ወረቀት ይጽፋል፤ ደንበኛው ሳይፈርም አንድም ዕቃ መፍታት አይቻልም። ይህን የወሰድነው ከካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ እዚያ ጋራዥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ሰጥቶ የደንበኛውን ፈቃድ መቀበል አለበት፤ ደንበኛው አስቀድሞ ከጠየቀ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ የመውሰድ መብት አለው። አሮጌው ዕቃ በቦርሳ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ስለሚሆን፣ ተታለልኩ የሚል ሰው ይዞት ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ክርክር እንዳይነሳ የሙከራ ሳምንት አድርገን እናየዋለን።

የታክሲውን ጥያቄም ተቀብለናል፤ አውቶማቲክ ጋራዡ መካኒክ ሲገባ በራሱ ይዘጋል።

አንድ የቀረኝ ችግር አለ። የፍሬን ጉልበቱን ቀንሰን ስንሞክር ባለቤቱ ሲነዳ ይሠራል፤ መሪውን ለጓደኛው ሲሰጠው ግን ፍሬኑ ጤነኛ ይሆናል። አንዳንድ መኪና ደግሞ ከጋራዥ ወጥቶ ሲመለስ ታሪኩ ሁሉ ጠፍቶ አዲስ ሆኖ ይገኛል። ምን አጠፋን?


ሉአ ጸሐፊ

የመጀመሪያው የሚጠበቅ ነው። የመኪናው የአነዳድ ቁጥሮች የሚለወጡት በተለወጡበት ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላው ተጫዋች በራሳቸው አይተላለፉም። መሪ የያዘው ሰው ሲለወጥ አዲሱ ማሽን ፋይሉ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ቁጥር ይጠቀማል። መፍትሔው ሰው በአሽከርካሪው ወንበር በተቀመጠ ቁጥር የመኪናውን ስቴት ባግ አንብቦ የፍሬኑን ጉልበት እንደገና ማስላት ነው። ስታሰሉ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነሡ፤ አሁን ካለው ቁጥር ላይ የምታባዙ ከሆነ፣ ሰውየው አምስት ጊዜ ወርዶ በወጣ ቁጥር ፍሬኑ እየቀነሰ ይሄድና በስድስተኛው ግድግዳ ይመታል። ስቴት ባጉንም ከተጫዋች ማሽን መጻፍ እንዳይቻል በሰርቨሩ ማስተካከያ ጥብቅ ሁነታውን አብሩት።

ሁለተኛውን ኮዱን ሳላይ ልገምት። መኪናውን የምትለዩት በሰሌዳው ነው፤ አይደለም? ሰሌዳ ስምንት ፊደል ይይዛል። ስድስት ፊደል ብቻ ያለው ሰሌዳ ከጨዋታው ሲነበብ ቀሪው ቦታ በባዶ ይሞላና ከዳታቤዙ ጋር አይገጥምም፤ ሰርቨሩም አላገኘሁትም ብሎ አዲስ ታሪክ ይከፍትለታል። ከማነጻጸራችሁ በፊት ባዶውን ቁረጡት። ከዚያ በኋላ ጊዜ ስታገኙ ለእያንዳንዱ መኪና የማይለወጥ የራሱ መለያ ቁጥር ስጡት፤ ሰሌዳውን የሚቀይር ሌባ በሰርቨራችሁ ላይ መኖሩ አይቀርምና።